ጠይቁን፦ መድረክ ላይ የታየው ፕሮሰሰርና እጃችን የሚገባው

በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩትን መርጠን አቅርበናል። ጉዳዩ የኮምፒውተርና የስልክ አምራቾች በየዓመቱ የሚያቀርቡት ሠርቶ ማሳያ ነው። መድረክ ላይ እንደዚያ የሚፈጥነው ዕቃ ተገዝቶ ቤት ሲገባ ወይም ጀልባ ላይ ሲወጣ ለምን ሌላ ጠባይ እንደሚያሳይ አንባቢዎቻችን ደጋግመው ጠይቀውናል። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ትልልቅ ኩባንያዎች አዲስ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራውን ክፍል) የሚያስተዋውቁባቸውን ቪዲዮዎች እያወረድን እናያለን። የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል በ2018 ታይፔ ላይ ባለ 28 ኮር (28 የስሌት ክፍሎች ያሉት) ፕሮሰሰር በ5 ጊጋኸርዝ (በሴኮንድ 5 ቢሊዮን ምት) ሲያሠራ አይተን ተደነቅን፤ በኋላ ግን ከጠረጴዛው ሥር የማቀዝቀዣ ማሽን እንደነበረ አነበብንና ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «አታለሉ» ስንል የቀሩት «ሠርቶ ማሳያ ድሮም እንዲህ ነው» አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ለመፍረድ ዝርዝሩን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በጁን 2018 ኮምፒውቴክስ በተባለው የታይፔ ዐውደ ርእይ ላይ ኢንቴል የፕሮሰሰሩ 28 ኮሮች በሙሉ በአንድ ጊዜ በ5 ጊጋኸርዝ ሲሠሩ አሳየ፤ የፍጥነት መመዘኛ ፕሮግራሙ ውጤትም አዳራሹን አስጨበጨበ። በማግሥቱ ጋዜጠኞች ኮምፒውተሩን ቀርበው ሲያዩት ከሳጥኑ የሚወጡት የውሃ ቱቦዎች በወፍራም ስፖንጅ ተጠቅልለው ወደ ጠረጴዛው ሥር ይወርዱ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና፣ ከሥር የተገኘው እንደ ፍሪጅ በጋዝ የሚሠራ፣ የአንድ ፈረስ ጉልበት ኃይል ያለው የውሃ ማቀዝቀዣ ሆነ። ስፖንጁ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቱቦ የሚጠቀለለው በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ከክፍሉ አየር በላይ ሲቀዘቅዝና በላዩ ላይ ጤዛ ሲቋጥር ነው፤ ማንም ሰው በቤቱ የሚያስቀምጠው ማራገቢያ ወይም ተራ የውሃ ማቀዝቀዣ እንዲህ ያለ ጤዛ አያመጣም። ኢንቴል በኋላ በሰጠው ማብራሪያ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ተገፍቶ እንደነበር አቅራቢው መናገር እንደረሱ ገለጸ። በጃንዋሪ 2019 ዚዮን ደብልዩ 3175ኤክስ ተብሎ ለገበያ የቀረበው ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 3.1 ጊጋኸርዝ፣ ከፍተኛው 4.3 ጊጋኸርዝ፣ የሙቀት ልኩ (ማቀዝቀዣው ሊያስወግድለት የሚገባው ሙቀት) ደግሞ 255 ዋት ነበር።

ስለዚህ ቺፑ (ፕሮሰሰሩ) በእርግጥ በ5 ጊጋኸርዝ ሠርቷል፤ በዚህ ረገድ የታየው ነገር እውነት ነው። ጥፋቱ የማቀዝቀዣው መኖር ሳይሆን አለመነገሩ ነው፤ ምክንያቱም ያ ማሽን የውጤቱ ዋና አካል ነበር። ለምን እንደሆነ እናንተ በትምህርታችሁ የምታውቁት ቀመር ያስረዳል። ፍጥነት እንዲጨምር በቺፑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ትራንዚስተሮቹ፣ በቶሎ መከፈትና መዘጋት አለባቸው፤ በቶሎ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ደግሞ ቮልቴጁ ከፍ ማለት አለበት። ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን በ20 በመቶ፣ ቮልቴጁንም በ20 በመቶ ብናሳድግ 1.2 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1.73 ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ለአንድ አምስተኛ የፍጥነት ጭማሪ 73 በመቶ ተጨማሪ ኃይል እንከፍላለን፣ ያም ኃይል በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከመደበኛው ፍጥነት በላይ የሚደረግ ማንኛውም ማሳያ የቺፕ ማሳያ የመሆኑን ያህል የማቀዝቀዣ ማሳያም ነው።

ይህ የሙቀት ግድግዳ በ2018 የተገኘ አይደለም። የአይቢኤም መሐንዲሱ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 እንዳሳዩት፣ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ካነሰ በአንድ ስፋት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አይጨምርም፤ ኢንዱስትሪው ለ30 ዓመታት ያህል በዚህ ሕግ ተጠቅሞ ፍጥነት ሲያሳድግ ኖረ። ቮልቴጁ ከዚያ በታች አልወርድ ሲል ግን ፔንቲየም 4 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ትውልድ ችግር ላይ ወደቀ። ኢንቴል ያ ንድፍ ወደፊት 10 ጊጋኸርዝ ይደርሳል ብሎ ተስፋ አድርጎበት ነበር፤ ገበያ ላይ የዋለው ግን 3.8 ጊጋኸርዝ ላይ ቆመ፣ ቃል የተገባለት የ4 ጊጋኸርዝ ሞዴልም በኦክቶበር 2004 ተሰረዘ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ክሬግ ባሬት በዚያው ወር በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ ተንበርክከው ይቅርታ መጠየቃቸው በዜና ተዘግቧል። ዛሬ በእያንዳንዱ ላፕቶፕና ስልክ ውስጥ ብዙ ኮር የሚደረደረው አንዱን ኮር ከዚያ በላይ ማፍጠን ስላላዋጣ ነው።

ከስልክ ወገን ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝግጅት አለ። ስቲቭ ጆብስ በጃንዋሪ 2007 የመጀመሪያውን አይፎን ሲያሳዩ የነበሩት ናሙናዎች ቶሎ ቶሎ ይቆሙ ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ ስልኩ ሳይቆም የሚያልፍበትን የሥራ ቅደም ተከተል አስቀድመው ለይተው አዘጋጅተውላቸዋል፤ የኔትወርክ ምልክቱም ምንጊዜም ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ተደርጎ ነበር። በጁን ወር መጨረሻ ለገዢ የቀረበው ስልክ ግን የተባለውን በእርግጥ ሠርቷል። ሁለቱን ማሳያዎች ስናስተያያቸው የአይፎኑን በበጎ እናየዋለን፤ ምክንያቱም የተደበቀው ጉድለት ምርቱ ከመሸጡ በፊት የሚስተካከል የሶፍትዌር ስሕተት ነበር፤ የታይፔው ግን በየትኛውም ቀን ከገዢው ቤት የማይገባ ማሽን ነው። ቪዲዮዎቹን መመልከታችሁን አትተዉ፤ ስትመለከቱ ግን ሥራው ለስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከመድረኩ ውጭ ምን እንደተገናኘ፣ ዕቃው በየትኛው ወር በስንት ዋት ልክ እንደሚሸጥ ጠይቁ። እነዚህ ያልተነገሩ እንደሆነ የታየው የምርምር ውጤት ነው እንጂ ገና ምርት አይደለም።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሞባይል መሸጫ አለኝ። ደንበኞች ማስታወቂያ አይተው «ባለ 4 ናኖሜትር ነው ወይስ ባለ 6?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ፦ ቁጥሩ ዛሬ የምርት ትውልድ መጠሪያ ነው፤ በቺፑ ውስጥ 4 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚለካ የተወሰነ ክፍል የለም። ለምሳሌ ኢንቴል በጁላይ 2021 የተሻሻለውን የ10 ናኖሜትር አሠራሩን «ኢንቴል 7» ብሎ ሰይሞታል፤ ስሙ ሲለወጥ ትራንዚስተሩ አላነሰም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ትውልዶች ሲነጻጸሩ ትንሹ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ቆጣቢውን ያመለክታል፤ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ሲሆን ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። ለደንበኞችዎ ስለ ራሙ፣ ስለ ማከማቻው ዓይነትና ስለ ባትሪው ቢነግሯቸው የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄዱ ጎብኚዎችን በጀልባ እያጀብኩ ፎቶና ቪዲዮ አነሣላቸዋለሁ። ስልኬን የገዛሁት የፍጥነት መመዘኛው ከፍተኛ ነጥብ ማስመዝገቡን በማስታወቂያ አይቼ ነው፤ ሱቅ ውስጥም ስሞክረው መብረቅ ነበር። በቀትር ሐይቁ ላይ ግን ጥቂት ደቂቃ እንደቀረጽኩ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም «ስልኩ ግሏል» ብሎ ካሜራውን ይዘጋዋል። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የገለጹት ጠባይ የብልሽት ሳይሆን ራስን የመጠበቅ ምልክት ነው። በጠራ ሰማይ በቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። 16 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 7.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስልክ 0.012 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ ፊቱን ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት 12 ዋት ያህል ያርፍበታል፣ ጥቁሩ መስታወትም አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ማራገቢያ የሌለው ስልክ ከመጠን በላይ ሳይግል ለረጅም ጊዜ ሊያስወጣው የሚችለው ሙቀት ግን ከ3 እስከ 5 ዋት ቢሆን ነው። እንግዲህ ፕሮሰሰሩ ገና ምንም ሥራ ሳይጀምር ፀሐዩ ብቻውን አቅሙን ጨርሶበታል። በዚህ ላይ ጥራቱ ከፍተኛ የሆነ ቪዲዮ ሲቀርጹ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን ለመቀነስ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ያም ካልበቃ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ በመጨረሻም ካሜራውን ይዘጋል።

በማስታወቂያው ላይ ያዩት ዓይነት ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በቀዝቃዛ ክፍል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። በስልኩ ውስጥ ያሉት ኮሮች እኩል አይደሉም፤ የፕሮሰሰር ንድፍ የሚያወጣው የእንግሊዝ ኩባንያ አርም በኦክቶበር 2011 ባስተዋወቀው ዘዴ ፈጣኖቹና ብዙ ኃይል የሚወስዱት ኮሮች ለአጭር ሥራ ሲነሡ፣ ቆጣቢዎቹ የቀረውን ረጅም ሥራ ይይዛሉ። መመዘኛው የሚያየው ፈጣኖቹን ነው፤ የእርስዎ ሥራ የሚወድቀው በአብዛኛው በቆጣቢዎቹ ላይ ነው። አንዳንድ አምራቾች ከዚህም አልፈው ስልኩ መመዘኛ ፕሮግራም መከፈቱን ለይቶ ፍጥነቱን እንዲያሳድግ አድርገዋል፤ በ2013 በሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ4 ላይ ይህ መደረጉ ታውቋል፣ በ2018 ደግሞ የተወሰኑ የሁዋዌ ስልኮች በተመሳሳይ ምክንያት ከአንድ የታወቀ መመዘኛ የውጤት ሰንጠረዥ ተሰርዘዋል። ይህ በገዢ ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ለስለስ ባለ ቃል ልንጠራው አንፈልግም።

ለአሁኑ ስልክዎ የምንመክረው ከጀልባው ጥላ ሥር ሆነው እንዲቀርጹ፣ ወፍራሙን መሸፈኛ እንዲያወልቁለት፣ ከፓወር ባንክ ቻርጅ እያደረጉ እንዳይቀርጹ፣ ጎብኚው የግድ ካልፈለገ በቀርም የቪዲዮውን ጥራት ከፎርኬ (ከከፍተኛው) ወደ 1080 ዝቅ እንዲያደርጉት ነው። የጋለውን ስልክ ሐይቁ ውስጥ ነክሮ ወይም በበረዶ ውሃ ማቀዝቀዝ ጨርሶ አይገባም፤ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። ስልኩ ተከፍቶ ተጠግኖ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያስመርምሩ። ክዳኑን ሲያነሡት በብረት ሽፋኑ ላይ የተለጠፈ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ጥቁርና አንጸባራቂ የግራፋይት ንጣፍ ይታያል፤ ሥራው የፕሮሰሰሩን ሙቀት በጀርባው ሁሉ ማሰራጨት ነው። ስክሪን ወይም ባትሪ ሲቀየር ይህ ንጣፍ ተቀዶ ወይም ሳይመለስ ከቀረ ስልኩ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ይግላል። ሌላ ስልክ ሲገዙም በሱቁ ውስጥ ቪዲዮ ማስቀረጽ ይጀምሩና ሳያጠፉት ስለ ዋጋው ይነጋገሩ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ የሚያዩት ፍጥነት የስልኩ ትክክለኛ ፍጥነት ነው።

ጥያቄ፦ ከጣና ዳር በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችን መብራት የለውም። ከዓመታት በፊት በእጅ እየተሽከረከረ የሚሠራ የልጆች ላፕቶፕ መታየቱን ሰምቼ ነበር፤ አሁን ደግሞ አንድ ባልደረባዬ ቴምብር በምታህል የፀሐይ ሰሌዳ የሚሠራ ፕሮሰሰር ታይቷል አለኝ። እነዚህ ነገሮች የት ደረሱ? ለእኛ የሚሆን አለ?

መልስ፦ ሁለቱም በእርግጥ ታይተዋል፤ እኛም ከሁሉም ጥያቄዎች ይልቅ በዚህ ላይ ሰፋ አድርገን ለመጻፍ የመረጥነው ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ከሁሉ በላይ ሊጠቅም የሚገባው እንደ እናንተ ያለውን ትምህርት ቤት ነው ብለን ስለምናምን ነው።

የልጆቹ ላፕቶፕ የታየው በኖቬምበር 2005 በቱኒስ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የመረጃ ማኅበረሰብ ጉባኤ ላይ ነው። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ 100 ዶላር ያወጣል ያሉትን አረንጓዴ ናሙና ከዋና ጸሐፊው ከኮፊ አናን ጋር ሆነው አሳዩ፤ ከጎኑ ያለው ቢጫ እጀታ ግን ሲሽከረከር ተነቅሎ ወጣ። ሁነቱ የአጋጣሚ ብቻ አልነበረም፤ ማሽከርከር በላፕቶፑ አካል ላይ ከባድ ጫና ስለሚፈጥር ዲዛይነሮቹ በመጨረሻ እጀታውን ተዉት። በ2007 መጨረሻ ኤክስኦ ተብሎ ወደ ምርት የገባው ላፕቶፕ እጀታ አልነበረውም፣ ዋጋውም ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ያም ሆኖ ከዚያ ፕሮጀክት የሚደነቅ ነገር ወጥቷል፤ ስክሪኑ የኋላ መብራቱ ጠፍቶም በፀሐይ ብርሃን ይነበባል፣ ፕሮሰሰሩም 433 ሜጋኸርዝ ብቻ በመሆኑ የሚወስደው ኃይል በጣም ጥቂት ነው። ወደ አገራችንም በሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ገብተው ለተማሪዎች ተሰጥተዋል፤ በ2012 ደግሞ ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ልጆች በፀሐይ ኃይል ቻርጅ የሚደረጉ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር።

የፀሐይ ሰሌዳው ፕሮሰሰር ክሌርሞንት የተባለው ሲሆን ኢንቴል በሴፕቴምበር 2011 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በገንቢዎች ጉባኤው ያሳየው የምርምር ቺፕ ነው። የሠራበት መርሕ ከላይ ለተማሪው ከገለጽነው ጋር አንድ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። ፍጥነት ለማሳደግ ቮልቴጅ ከመጨመር ይልቅ፣ መሐንዲሶቹ ቮልቴጁን ትራንዚስተር ሊከፈት ከሚችልበት ዝቅተኛ ወሰን አጠገብ አወረዱት። በቀጣዩ ዓመት በታተመው መረጃ መሠረት ቺፑ በ0.28 ቮልት 3 ሜጋኸርዝ እየሠራ 2 ሚሊዋት ብቻ ይወስድ ነበር፤ በ1.2 ቮልት ደግሞ 915 ሜጋኸርዝ ደርሶ 737 ሚሊዋት ይወስዳል። ለአንድ ሥራ የሚወጣው ኃይል ከሁሉ የሚያንሰው በ0.45 ቮልት አካባቢ ነው። ከዚህ የበለጠ መውረድ አያዋጣም፤ ሥራው በጣም ሲዘገይ ትራንዚስተሮቹ ተዘግተውም የሚያፈሱት ኃይል ይጠራቀማልና።

ይሁን እንጂ በዚያ ማሳያ በፀሐይ ይሠራ የነበረው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነበር። የተሰካበት አሮጌ የፔንቲየም ቦርድ፣ ሜሞሪውና ስክሪኑ ከሌላ ምንጭ ኃይል ይወስዱ ነበር። ይህን ስንል ሥራውን ለማናናቅ አይደለም፤ እንደ እኛ ግምት በእነዚያ ዓመታት ከታዩት የፕሮሰሰር ማሳያዎች ሁሉ ለድሃ አገር ትልቁን ተስፋ የያዘው እርሱ ነው። ነገር ግን በታብሌት ውስጥ ብዙውን ኃይል የሚወስደው ስክሪኑ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ዜሮ ዋት ቢወስድ እንኳ ቴምብር የምታህል ሰሌዳ ልጆች የሚያነቡበትን ስክሪን አታበራም። ክሌርሞንትም ለገበያ አልቀረበም።

ለእናንተ ዛሬ ያለው ነገር ግን ከዚያ ማሳያ የሚያንስ አይደለም። በስልክና በታብሌት ውስጥ ያሉት ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው በአርም ንድፍ የተሠሩ ናቸው። የዚህ ንድፍ የመጀመሪያ ቺፕ በኤፕሪል 26 ቀን 1985 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ሲሞከር ከነዳፊዎቹ አንዱ ስቲቭ ፈርበር የኃይል መለኪያውን ቢያዩት ዜሮ ያነባል፤ ምክንያቱን ሲፈልጉ ዋናው የኃይል መስመር ጭራሹን አልተገናኘም ነበር፣ ቺፑ የሚሠራው በምልክት መስመሮቹ በኩል በሚያፈስ ኃይል ብቻ ነበር። ሶፊ ዊልሰንና ፈርበር ሲነድፉት ዓላማቸው ቀላልና ርካሽ ማድረግ ነበር፤ ቆጣቢነቱ ከዚያ መጣ። ዛሬ ተራ ባለ 10 ኢንች ታብሌት ባትሪው 20 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ባለ 50 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ በቀን የ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 250 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በባትሪና በመቀየሪያ ግማሽ ያህሉ ቢባክን እንኳ 6 ታብሌቶችን በቀን አንድ ጊዜ ይሞላል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲበዛ ይህ ቁጥር በጣም ስለሚቀንስ፣ ሲገዙ ለክረምቱ አስበው ሰሌዳውን በእጥፍ ከፍ ያድርጉት። ታብሌቱንም ሲመርጡ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ይልቅ ስክሪኑ በክፍሉ ብርሃን በዝቅተኛ ድምቀት መነበቡንና ባትሪው በአገር ውስጥ ጥገና መቀየር መቻሉን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ዲዛይን እሠራለሁ። የኩባንያውን ማሳያ አይቼ ውድ ላፕቶፕ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በሚያዝያና በግንቦት ማራገቢያው ጆሮ ይበጥሳል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ይዘገያል። የከተማችን አየር ከዕቃው ጋር አልተስማማ ይሆን?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከታች ካለው 15 እስከ 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያ የሚገፋው በመጠን እንጂ በክብደት ስላልሆነ፣ በአንድ ዙር የሚያልፈው አየር ይዞት የሚወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። በታይፔ ወይም በሳን ፍራንሲስኮ አዳራሽ በፕሮሰሰሩና በአየሩ መካከል 30 ዲግሪ የነበረው ልዩነት እዚህ ወደ 35 ሊጠጋ ይችላል፤ በዚያ ላይ አዳራሾቹ አየር ማቀዝቀዣ አላቸው፣ የእርስዎ ክፍል በግንቦት ቀትር 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ማራገቢያው የሚጮኸው ይህን ልዩነት ለማካካስ ነው። ከፍታው አምራቾች ከሚፈቅዱት ወሰን አልፏል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ይሠራል ብለው ይጽፋሉ። የቀረው አቅም ግን ይጠባል፣ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ያልቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ለባለሙያ አስከፍተው ማራገቢያውንና የሙቀት ማውጫ ክንፎቹን ያስጠርጉ፤ ጀርባውንም ከጠረጴዛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት።

መብራት ሲጠፋ የሚዘገየው በሌላ ምክንያት ነው። ኃይለኛ ላፕቶፕ በቻርጀር ከ100 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ባትሪው ይህን ያህል ቢሰጥ በአጭር ጊዜ አልቆ ራሱንም ይጎዳል፣ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ማሳያዎቹ ላይ ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚታየው ለዚህ ነው። አፕል በኖቬምበር 2020 ኤምዋን ቺፑን ካስተዋወቀ ወዲህ በዚህ ረገድ ገበያው ተለውጧል፤ በአርም ንድፍ የተሠራው ያ ቺፕ በባትሪም ሆነ በቻርጀር ፍጥነቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ባሕርይ ከጥቂት መቶኛ የፍጥነት ብልጫ በእጅጉ ይበልጣል። ቀጥሎ ሲገዙ ሻጩ ቻርጀሩን ነቅሎ የእርስዎን የዲዛይን ፋይል እንዲከፍትልዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ትንሽ ቦርድ ላይ የሚሠራ፣ የጣና እንቦጭ አረምን ከፎቶ የሚለይ ኮምፒውተር ነው። በፔዳ ግቢ አዳራሽ ለእንግዶች ሠርተን እናሳያለን። ያነበብነውን ዓይነት ስሕተት እንዳንሠራ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እንደ አርአያ የምናቀርብላችሁ አሜሪካዊውን የኮምፒውተር ተመራማሪ ዳግላስ ኤንግልባርትን ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ ሺህ ያህል ባለሙያ ፊት ለ90 ደቂቃ ማውስን፣ በስክሪን ላይ ጽሑፍ ማረምንና የርቀት የቪዲዮ ውይይትን አሳዩ። ኮምፒውተሩ ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሜንሎ ፓርክ ነበር፣ የተገናኙትም በማይክሮዌቭና በስልክ መስመር ነበር። ኤንግልባርት ይህን አልደበቁም፤ እንዲያውም በሜንሎ ፓርክ ያሉትን ባልደረቦቻቸውን በስክሪኑ ላይ እያመጡ ለተመልካቹ አሳይተዋል። ርቀቱ የሥራው ክብር ሆነ።

እናንተም ፎቶውን የሚለየው ቦርዱ ራሱ ከሆነ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ አሳዩ፤ ከሩቅ ያለ ሰርቨር የሚያግዘው ከሆነም በግልጽ ተናገሩ። ከሶኬቱና ከቦርዱ መካከል የዋት መለኪያ አስገብታችሁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሩት። ፎቶዎቹን እናንተ ብቻ አትምረጡ፤ እንግዶች በስልካቸው ያነሡትን ወይም ደንገልና ሌላ የውሃ ሣር የሚታይበትን ፎቶ ይስጡት፣ የተሳሳተውንም ከትክክለኛው ጋር በሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከአንድ ቀን በፊት በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሶኬት፣ ማሳያው በሚቀርብበት ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳታቋርጡ አሠሩት፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባለው ክፍተትም ቦርዱ እንደገና በስንት ሰከንድ ወደ ሥራ እንደሚመለስ ለክታችሁ ያዙ።